ቬጋስ ሄዶ የፋንታሲ ድራፍት ወይስ ከቤት ሶፋ ላይ? ለሁለቱም ከፍዬ ያየሁት

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ፋንታሲ፣ እውነተኛ ተጫዋቾች መርጠህ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምታገኝበት ጨዋታ፣ ሲባል አብዛኛው ሀበሻ የሚያውቀው የእንግሊዙን ነው፣ ዴድላይን ሳይደርስ ሃላንድን ካፒቴን አድርገህ የምትተኛበትን። እኔ የማወራው ስለ አሜሪካኖቹ ነው፣ ኤንኤፍኤል፣ ያ ሞላላው ኳስ። ልዩነቱ ደሞ ኳሱ ብቻ አይደለም። በእንግሊዙ ሃላንድን እኔም አንተም ጎረቤትህም መያዝ እንችላለን፣ እዚህ ግን 12 ሰው አንድ ሊግ ውስጥ ሆኖ በተራ በተራ ይመርጣል፣ አንድ ተጫዋች አንድ ባለቤት ብቻ ነው ያለው፣ እኔ ስሙን ከጠራሁት ላንተ የለም፣ አለቀ። ስለዚህ ገና አንድ ኳስ ሳይወረወር ግማሹ ነገር የሚወሰነው በዚያ በምርጫው ቀን ነው። ድራፍት የሚባለው እሱ ነው።

እና ጥያቄው ይሄ ነው፣ ገንዘቡ ከበድ ባለ ሊግ ውስጥ ያንን ድራፍት ቬጋስ ሄዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማድረግ ይሻላል ወይስ ከቤት በላፕቶፕ? ሁለቱንም በገዛ ገንዘቤ ሞክሬዋለሁ። በ2023 ከቤቴ ሜሪላንድ፣ በ2024 ቬጋስ፣ ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የገባሁበትን ውድድርም ያደርኩበትን ሆቴልም ስም አልጠራም፣ የማማርርባቸው ነገር ስላለ ይቅር።

ከበድ ያለ ስል የቢሮ ሊግ 50 ዶላር አዋጥተን የምንሳሳቅበትን አይደለም። በዚህ ሰፈር ከሚታወቁት ውድድሮች አንዱ ኤፍኤፍፒሲ ነው፣ ከ2008 ጀምሮ ያለ፣ የዋናው ውድድር መግቢያ ወደ 2 ሺህ ዶላር የሚጠጋ፣ በቅርብ ዓመታት ከሁሉም በላይ አንደኛ ለወጣው 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሰጥ። ሌላው ኤንኤፍኤፍሲ ነው፣ ከ2004 ጀምሮ። ሁለቱም የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሲል ቬጋስ ላይ ሰው ሰብስበው ድራፍት ያደርጋሉ፣ ሁለቱም በኦንላይንም ያስገባሉ። ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ቬጋስ የተቀመጠውም ፒጃማ ለብሶ ቤቱ የተቀመጠውም የሚከፍሉት መግቢያ አንድ ነው፣ የሚሻሙትም ሽልማት አንድ ነው። ታዲያ ለምን አውሮፕላን ይገባል?

ነገሩ ሲጀመር እኮ በአካል ነበር፣ ሌላ መንገድም አልነበረም። በ1962 ቢል ዊንከንባክ የሚባል የኦክላንድ ሬይደርስ ባለድርሻ ከቡድኑ ጋር ኒውዮርክ ሄዶ ሆቴል ውስጥ ከሌሎች ጋር ቁጭ ብሎ ያወጣው ሃሳብ ነው፣ የመጀመሪያው ድራፍት በ1963 እዛው ኦክላንድ እሱ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተደረገ። መጀመሪያ የተጠራው ስም ጆርጅ ብላንዳ ነው፣ ኳርተርባክም (ኳሱን የሚወረውረው) ነበር ኪከርም (በእግሩ የሚመታው) ነበር፣ አንድ ሰው ሁለት ስራ፣ የኛን ሰው ይመስላል። እና ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ያኔ ምድር ቤት ውስጥ የተሰበሰቡት ሰዎች አንድ ነገር ነበራቸው፣ በሩን ዘግተውታል። ይሄን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

እሺ 2023። ኦገስት 26፣ ቅዳሜ ማታ። ዝግጅቴን ብታዩ የማትሪክ ተፈታኝ ነው የምመስለው። ላፕቶፕ፣ ከላፕቶፑ ሌላ ትልቅ ስክሪን፣ አንዱ ላይ የድራፍቱ ሩም አንዱ ላይ የራሴ ኤክሴል፣ ተጫዋች ሲወሰድ ራሱ ቀለሙን የሚቀይር፣ እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ስንተኛ ላይ እንደሚወሰድ የሚያሳይ፣ ኤዲፒ የሚሉት ቁጥር ማለት ነው። ልጆቹን ቀድሜ አስተኝቻለሁ። ለባለቤቴም ከሦስት ቀን በፊት ጀምሬ ነግሬያታለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት አትፈልጊኝ፣ ሞቻለሁ በይ። እሺ ብላለች።

ተራዬ 6ኛ ነበር፣ የካንሳስ ሲቲውን ትራቪስ ኬልሲን ወሰድኩ፣ ያኔ መጀመሪያው ራውንድ ላይ የሚሄድ ሰው ነበር። ሁለተኛው ጥሩ፣ ሦስተኛው ላይ ጄለን ኸርትስ፣ ኳርተርባኬ ተዘጋ፣ ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው ኳርተርባክ የሚባል ነገር አያስፈልገኝም። አራተኛው ጥሩ። አምስተኛው ሊደርስ ሲል በሩ ተንኳኳ።

የባለቤቴ አክስት። ከሰርግ ሲመለሱ መብራት በርቶ አይተው «ሳልስማችሁ አላልፍም» ብለው ነው የገቡት፣ ጥፋት የላቸውም፣ እኛ ቤት ማንም ሰው ደውሎ አይመጣም፣ ደውሎ የሚመጣ ሰው እንዲያውም ያስደነግጣል። አሁን እናንተ ፍረዱኝ፣ እሳቸው ነጠላቸውን እንደለበሱ ሳሎን መሃል ቆመው እኔ ሶፋ ላይ ላፕቶፕ ታቅፌ ልቀመጥ? ባለቤቴ ዞራ አየችኝ፣ ያ አስተያየት የአስራ አምስት ዓመት ትዳር ያለበት አስተያየት ነው። ተነሳሁ።

ሳም፣ ሳም፣ ሳም። «እንዴት ነህ ልጄ፣ ከሳህ» አሉኝ። «ደህና ነኝ እትዬ፣ እርስዎ እንዴት ሰነበቱ።» ጤና፣ ልጆች፣ የእናቴ ጉልበት፣ ሀገር ቤት ያለው ቤት ኪራይ። ከትከሻቸው በላይ ስክሪኑ ይታየኛል፣ ተራዬ ደርሷል፣ የመምረጫው ሰዓት አረንጓዴ ነው፣ 40 ሰከንድ፣ 30፣ ቢጫ ሆነ። «ሥራ አስፈታሁህ መሰለኝ» አሉ። «ኧረ ምን ሥራ እትዬ» አልኩ። እውነትም ምን ሥራ። ቀይ ሆነ።

ኮምፒውተሩ ራሱ መረጠልኝ፣ ጆ በሮው። ሁለተኛ ኳርተርባክ፣ አምስተኛው ራውንድ ላይ። ይሄን ጨዋታ ለማታውቁ እንዴት እንደማስረዳችሁ እንጃ፣ አንድ ኳርተርባክ ብቻ በሚያሰልፍ ሊግ ውስጥ ለፋሲካ ሁለት በግ ገዝቶ ለወጥ ሽንኩርት እንደማጣት በሉት። እኔ ልወስድ ያሰብኩት ብራንደን አዩክ ነበር፣ ከኔ ስድስት ሰው ዝቅ ብሎ ሌላ ሰው ወሰደው፣ ያን ዓመት ኳስ እየተቀበለ 1,342 ያርድ ሄደ። በሮው ደሞ ኖቬምበር ላይ የእጅ አንጓው ተጎድቶ ዓመቱ አለቀበት።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልክድ አልችልም። ኪው የሚባል ነገር አለ፣ የምትፈልጋቸውን ሰዎች ቀድመህ በቅደም ተከተል ትደረድርና ሰዓትህ ካለቀ ኮምፒውተሩ ከዛ ነው የሚወስድልህ። ባዶ ነበር። ሁለት ስክሪን፣ ቀለም የሚቀይር ኤክሴል፣ ኪው ባዶ።

ይሄ አልበቃ ብሎ ማክሰኞ ሴፕቴምበር 5፣ ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ኬልሲ ልምምድ ላይ ጉልበቱን ተጎዳ። ሐሙስ ዕለት ካንሳስ ሲቲ ያለሱ ተጫውቶ በዲትሮይት 21 ለ 20 ተሸነፈ፣ እኔ በመጀመሪያ ምርጫዬ ዜሮ ይዤ ጀመርኩ። ያኔ ነው ለራሴ እንዲህ ያልኩት፣ በቃ የሚመጣው ዓመት ቬጋስ ነኝ፣ የቬጋሱ ድራፍት መጨረሻ ሳምንት ላይ ነው፣ ትኩስ ዜና ይዘህ ትመርጣለህ። ይሄ ሃሳብ ስህተት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ትኩስ ዜና የሚሰጥህ ቀኑ ነው እንጂ ከተማው አይደለም፣ ኦንላይንም እኮ መጨረሻው ማታ ድረስ የሚከፈቱ ሊጎች አሉ፣ እኔ ቸኩዬ ነው። ብዙ ሰው ይሄን ያምታታዋል፣ «ላይቭ ይሻላል ምክንያቱም ዘግይቶ ነው» ይላል። ዘግይተህ ግባ እና እዛው ቤትህ ተቀመጥ።

ለነገሩ መዘግየቱም ቢሆን ሁሉን አያድንም። ቬጋስ የነበርኩት ኦገስት 31፣ 2024 ነው። አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሰው ኤክስፐርት ነው፣ አንዱ ፖድካስት አለኝ ይላል አንዱ ሃያ ዓመት ተጫውቻለሁ ይላል፣ እና ባየሁት ጠረጴዛ ሁሉ አንደኛ የተጠራው ስም የሳን ፍራንሲስኮው ኳስ ይዞ ሯጭ ክርስቲያን ማካፍሪ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ሰኞ ማታ፣ ማካፍሪ አይጫወትም ተባለ። በሱ ቦታ የገባው ጆርዳን ሜሰን 147 ያርድ ሮጠ። ማካፍሪ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተው አራት ጨዋታ ነው። ያ ሁሉ አዋቂ አንድ ጣራ ስር ተሰብስቦ ማለት ነው። የኛ ጠረጴዛ ላይ አንደኛ ተራ የነበረው ሸምገል ያለ ሰውዬ ግን አስረኛው ራውንድ አካባቢ ሜሰንን ሲጠራ ሁለት ሦስት ሰው ፈገግ ብሎ ነበር፣ እሱ ምንም አላለም፣ ብስኩቱን በላ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። አውሮፕላኑ ደርሶ መልስ 340 ዶላር። ሆቴሉ ድረገጹ ላይ 89 ዶላር ይላል፣ ስትደርስ ሪዞርት ፊ፣ ታክስ፣ ምናምን ተብሎ 150 ተጠጋ። ለምኑ ነው ሪዞርት ፊ ስላት ልጅቷ «ለዋይፋይና ለጂም» አለችኝ፣ ዋይፋዩ ክፍሌ ውስጥ አይሰራም፣ ጂም ደሞ እኔን እዩኝ። ክፍሉ ውስጥ ቡና ማፍያ የለም፣ ታች ወርደህ ተሰልፈህ 8 ዶላር። አንድ ሌሊት አድሬ በማግስቱ ወደ አክስቴ ልጅ ቤት ዞርኩ። ቬጋስ ታክሲ ነው የሚነዳው፣ ቬጋስ የሄደ ሰው ያውቃል፣ ከኤርፖርት ታክሲ ስትይዝ «አበሻ ነህ?» የሚል ሰው የማግኘት ዕድልህ ካዚኖው ውስጥ ከምታገኘው ዕድል ሁሉ ይሻላል።

እሱ ነው ወደ ድራፍቱ ያደረሰኝ። መንገድ ላይ ስንት ከፍለህ ነው አለ፣ ነገርኩት፣ ዝም አለ፣ አንድ ቀይ መብራት ሙሉ ዝም አለ።

«እንግዲህ ዕቁብ ነው በለኛ» አለ።

«ዕቁብ አይደለም።»

«ሁላችሁም ታዋጣላችሁ፣ አንድ ሰው ይወስዳል፣ ዳኛ አላችሁ?»

«አለ።»

«ታዲያ ዕቁብ ነዋ።»

«ዕቁብ ላይ ሁሉም ሰው ተራው ይደርሰዋል» አልኩት።

«እዚህስ?»

«እዚህ አይደርስህም።»

«በል ውረድ» አለኝ፣ እየሳቀ ግን።

አዳራሹ። በመጀመሪያ የሚመታህ ብርዱ ነው። ውጪ 40 ዲግሪ፣ ውስጥ ደብረ ብርሃን። ቲሸርት ለብሼ ነው የሄድኩት፣ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ጣቶቼ እርሳስ አልይዝ አሉኝ፣ የሚሄድ ሰው ጋቢ ባይሆን ሹራብ ይያዝ፣ ይሄ ምክር ከሁሉም ምክሬ የበለጠ ነው። ጠረጴዛዎች ተደርድረዋል፣ በያንዳንዱ ጠረጴዛ 12 ሰው፣ ከፊት ለፊት ትልቅ ቦርድ ቆሟል፣ የተጫዋቾቹ ስም ስቲከር ላይ ተጽፏል፣ ራኒንግ ባኮች (ኳስ ይዘው የሚሮጡት) በአንድ ቀለም፣ ሪሲቨሮች (የተወረወረ ኳስ የሚቀበሉት) በሌላ ቀለም። አንተ ስም ትጠራለህ፣ አስተናጋጇ ስቲከሩን ልጣ ትለጥፋለች፣ የመለጠፉ ድምፅ ራሱ አለው፣ ጠብ ይላል። ሃያ ራውንድ ነው፣ 12 ሰው፣ 240 ስም። ቦርዱ ባዶ ሆኖ ጀምሮ እያየኸው በቀለም ይሞላል፣ አንድ ቀለም በአንዴ ሲደጋገም ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ይነቃነቃል፣ አራት ሰው ተከታትሎ ሪሲቨር ሲወስድ የአምስተኛውን ሰውዬ ፊት ማየት ነው። ይሄን ስክሪን ላይ አታየውም። ስክሪን ላይ የምታየው «ቲም 7 መርጧል» የሚል ጽሑፍ ነው፣ ቲም 7 ይላብ አይላብ በምን ታውቃለህ።

አሁን ሁሉም ሰው የሚለው ነገር ይሄ ነው፣ በአካል ስትሆን ሰው ታነባለህ። እኔም አምኜ ነበር፣ ምን እንደደረሰብኝ ልንገራችሁ።

ተራዬ 11ኛ ነው። ከኔ ቀጥሎ 12ኛው ላይ የተቀመጠው መላጣ ሰውዬ፣ ትከሻዬ ትከሻው ጋ ነው፣ ወረቀቱን ገልጦ ነው የተቀመጠው። ጆናታን ቴይለርን ልውሰድ ወይስ ሴኩዋን ባርክሊን እያልኩ እየዋለልኩ ሳለ አይኔ፣ እንግዲህ ሆን ብዬ አይደለም ብል ታምኑኛላችሁ፣ ወረቀቱ ላይ አረፈ። የባርክሊ ስም ስር በቀይ ሁለት መስመር ተሰምሯል። ሁለት! ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ላይ የማላውቀውን የሂሳብ መልስ ከፊቴ ካለችው ልጅ ያየሁ ዕለት የተሰማኝ ነገር ነው የተሰማኝ። ይሄ ሰውዬ ባርክሊን እየጠበቀ ነው፣ ብተወው አይመለስም። «ሴኩዋን ባርክሊ» ብዬ ጠራሁ። ጠብ አለ ስቲከሩ። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም፣ እንዲያውም «ጥሩ ምርጫ» አለኝ። ንዴቱን ደብቆ ነው አልኩ በሆዴ።

ባርክሊ ያን ዓመት ለፊላደልፊያ 2,005 ያርድ ሮጠ። በኤንኤፍኤል ታሪክ ከሱ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን 2 ሺህ የደረሱት ስምንት ሰዎች ብቻ ናቸው።

እና ድራፍቱ ሲያልቅ ሕሊናዬ አላስቀምጥ አለኝ፣ ሰውዬውን ይቅርታ ወረቀትህን አይቼብህ ነው አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ወረቀቱን አወጣና አሳየኝ፣ ሁለት ቀይ መስመር የተሰመረባቸው ወደ አስር ሰው ናቸው፣ ትርጉሙ በዚህ ዋጋ፣ ማለትም ይህን ያህል ቀድመህ፣ እንዳትነካቸው ነው። ባርክሊ እሱ ዋጋቸው ውድ ነው ብሎ በተዋቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ነበር። ሰው አነበብኩ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ስለዚህ ሰው ማንበብ የሚለውን ብዙ አትግዙ። በርግጥ ጥቂት ነገር አለ። ሰዓቱ ሲሮጥ ማን እንደሚጨነቅ ታያለህ፣ ሁለት ቢራ የጠጣው ከአስራ ሁለተኛው ራውንድ በኋላ የሚያውቀውን ስም ሁሉ መጥራት ይጀምራል፣ የዳላስ ማሊያ የለበሰው የዳላስ ልጅ እንደማያልፍ ታውቃለህ። ግን ለ700 ዶላር ትርፍ ወጪ ይሄ ብቻውን አይመጥንም።

በአካል መሆን ያስከፈለኝም ነገር አለ። ኤክሴሌን ትቼ በወረቀት ነው የሄድኩት፣ የተወሰደውን ሰው ራስህ በእርሳስ ትሰርዛለህ። ዘጠነኛው ራውንድ ላይ በኩራት፣ ቁጭ ካልኩበት ብድግ ብዬ፣ «ጄይደን ሪድ!» አልኩ። ጸጥታ። አስተናጋጇ ቦርዱን አየች፣ አስራ አንዱም ሰው ቦርዱን አየ፣ ከዛ አንድ ላይ «ተወስዷል!» አሉ፣ እንደ መዘምራን። ከሁለት ራውንድ በፊት ሄዷል፣ አልሰረዝኩትም። ማይኩ ያቋርጥ ስለነበረ አልሰማሁም ብዬ ልከራከር ፈልጌ ነበር፣ እውነትም ማይኩ ግማሹን ይበላል፣ ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ጩኸት ደሞ ግማሹን፣ ግን ቦርዱ ላይ ስሙ እንደ ታርጋ ቁጥር ተለጥፎ ምን ልበል። በቀረኝ አስር ሰከንድ ያገኘሁትን ጠራሁ። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ አሰናበትኩት። ይሄ ኦንላይን ላይ ሊደርስብህ አይችልም፣ የተወሰደ ሰው ከዝርዝሩ ራሱ ይጠፋል።

ሌላም አለ፣ ተራህን ራስህ ነው የምትቆጥረው። ለምሳሌ ኤንኤፍኤፍሲ ሦስተኛው ራውንድ ላይ ቅደም ተከተሉን አይመልሰውም፣ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ከመጨረሻው ሰው ነው የሚጀምሩት፣ 11ኛ ላይ ያለ ሰው በተለመደው፣ እባብ በሚሉት፣ ራውንድ በራውንድ ቅደም ተከተሉ በሚገላበጥበት ድራፍት ሦስተኛ ምርጫው 35ኛ ላይ ነው፣ በዚህኛው ግን 26ኛ። ዘጠኝ ተጫዋች ማለት ነው ልዩነቱ። ኤፍኤፍፒሲ ደሞ ታይት ኤንድ (እንደ ኬልሲ የሚከላከልም ኳስ የሚቀበልም) ለያዘው ኳስ አንድ ተኩል ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው አንድ ነው የሚያገኘው። ቤትህ ሆነህ ከጠፋብህ በሌላ መስኮት ትከፍታለህ፣ እዛ 11 ሰው እያየህ ህጉ ምን ነበር ብለህ አትጠይቅም፣ መጠየቅ ትችላለህ፣ ግን አትጠይቅም።

ስለ ስሎው ድራፍት ባጭሩ። ለአንድ ምርጫ አራት ሰዓት ስምንት ሰዓት የሚሰጡ አሉ፣ በስልክ፣ ሳምንት ምናምን የሚፈጅ። ለታክሲ ሹፌር ለነርስ ይመቻል ይባላል። እኔን አላስተኛኝም፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነስቼ ሽንት ቤት ውስጥ ሪሲቨር ስመርጥ ባለቤቴ ማንን ነው የምታወራው ብላለች። አልመለስበትም።

እና በመጨረሻ ቬጋስ ምን ገዛሁ? ያዙልኝ ያልኳችሁን በር አስታውሱ። ከዘጠነኛው ራውንድ ቅሌት ሌላ ያ ድራፍት በሕይወቴ በጣም የተረጋጋሁበት ነው፣ ለምን ስል ሦስት ሰዓት ሙሉ ማንም አልጠራኝም። እውነቴን ነው። ስልኬን ኪሴ ከትቻለሁ፣ በር የሚያንኳኳ የለም፣ ውሃ የሚለኝ ልጅ የለም፣ ከስራ የሚደውል የለም፣ ሀገር ቤት ጠዋት ስለሆነ ብሎ የሚደውል ዘመድ ቢኖር እንኳ «ድራፍት ላይ ነበርኩ» ሳይሆን «ቬጋስ ነበርኩ» ነው የምለው፣ ሰው ይገባዋል፣ ቬጋስ የሄደ ሰው ስልክ እንደማያነሳ ይታወቃል። ቤትህ ከሆንክ ግን አለህ። አለሁ ማለት ደሞ እኛ ዘንድ ትገኛለህ ማለት ነው። ፈረንጁ «አሁን ቢዚ ነኝ» ብሎ በሩን ሊዘጋ ይችላል፣ እኔ የባለቤቴን አክስት ቢዚ ነኝ የምልበት አፍ የለኝም፣ እንዲኖረኝም አልፈልግም።

ውጤት ለሚጠይቅ፣ የ2023ቱ ቡድኔ ከ12 ዘጠነኛ፣ የ2024ቱ ሦስተኛ። ሦስተኛ ለወጣ ገንዘብ የለውም ነበር፣ ትርፌ የአክስቴ ልጅ የጋበዘኝ ክትፎ ነው። ልዩነቱን ቬጋስ አመጣው አልልም፣ ባርክሊ ነው ያመጣው፣ ባርክሊን ደሞ ያመጣው በስህተት የተነበበ መስመር ነው።

ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ቬጋስ ከአምስት አራት፣ አንዱን የቀነስኩት ለሆቴሉና ለብርዱ ነው። ቤት፣ ለመሳሪያው አምስት፣ ለጸጥታው አንድ፣ በአማካይ ሦስት። መጀመሪያ ጊዜያችሁ ከሆነ በፍጹም ቬጋስ አትጀምሩ፣ በትንሽ ገንዘብ ኦንላይን አምስት ስድስት ድራፍት አድርጉ፣ ሰዓቱ ሲሮጥ እጃችሁ ምን እንደሚያደርግ እወቁ። ያላችሁበት ስቴት የሚፈቅድ መሆኑንም እዩ፣ ዋሽንግተን ስቴት ያሉ ሰዎች ለምሳሌ አይችሉም፣ ዲሲ ግን ሌላ ነው። ቬጋስ ዘመድ ካላችሁ ሂዱ፣ ዘመድ ከሌላችሁ ሁለቴ አስቡ።

በ2025 ሦስተኛ መንገድ ሞከርኩ። የሰፈራችን ላይብረሪ በነጻ የሚያስይዘው ትንሽ ክፍል አለ፣ መስታወት በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሩ ዋይፋይ። ላፕቶፕና ኤክሴሌን ይዤ ገባሁ፣ ለቤት «ላይብረሪ ነኝ» አልኩ፣ ላይብረሪ ያለ ሰው ማን ይደውልለታል፣ ኪዩን ደሞ ሠላሳ ሰው ሞላሁበት። እስከ አስራ ሦስተኛው ራውንድ ድረስ እሱን የመሰለ ነገር የለም። አስራ አራተኛው ላይ መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ፣ ጥበቃው መጥቶ በመስታወቱ ሰዓቱን አሳየኝ፣ ሊዘጉ ነው። ላፕቶፑን እንደተከፈተ ታቅፌ፣ በስልኬ ሆትስፖት፣ የቀሩትን ሰባት ራውንዶች ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ጨረስኩ። አስራ ዘጠነኛው ላይ መስኮቴ ተንኳኳ፣ ቀና ስል አንድ የማላውቀው ሀበሻ፣ መብራት በርቶ አይቶ ነው፣ «ወንድም፣ ባትሪ አልቆብህ ነው? ኬብል አለኝ» ይላል። ኪከሬን በኪው ነው ያገኘሁት።